ማዕከሉ ቢዘጋም ታሪኩ አይዘጋም፦ «ከዜሮ እንጀምር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ሰው አንድ ጽሑፍ ሲቀባበል ነው የሰነበተው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። ጉዳዩ ዘርፈ ብዙ የምርምር ማዕከላት ናቸው። ባዮሎጂስቱን፣ ኢኮኖሚስቱን፣ መሐንዲሱንና የታሪክ ምሁሩን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያሰባስባሉ ተብለው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቋቋሙት ማለቴ ነው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ብሶቱም እውነተኛ ነው። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልኩትም ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ማዕከል ለመዝጋት የሚነሣ ኃላፊ ይኖራል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እነዚህ ማዕከላት አልለወጥ ያሉት ታሪካቸው አንቆ ስለያዛቸው ነው ይላሉ። ስለዚህ አሮጌውን መጠገን ትርፉ ድካም ነው፤ ዘግቶ ከዜሮ መጀመር ይሻላል። ማስረጃ የሚያደርጉት እንደ አዲስ የተነሡትን ነው፦ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂንና ዲዛይንን የሚያገናኘውን ሚዲያ ላብ፣ የእንግሊዙን ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካውን አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ። ትምህርት ክፍሎች የሚያንገራግሩት ከቅናትና ከጥቅም ተነሥተው ስለሆነ ቆራጥ መሪ ካለ ነገሩ ያበቃል ይላሉ። ገንዘብ በብዛት ከመጣ መዋቅሩ ራሱ ይከተላል፣ ሰዎችን አንድ ህንጻ ውስጥ ማስገባትም ከየትኛውም ደንብ ይበልጣል ብለው ያምናሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንኛውም ማዕከል አምስት ዓመት ሲሞላው ወዲያው እንዲዘጋ ይጠይቃሉ።

በየተራ ልመልስ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋናው ልጀምር፤ ታሪክ ሸክም ነው ከሚለው። በከፊል እስማማለሁ። ስሙ ብቻ የቀረ ማዕከል አለ፦ በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ፣ አንድ ጸሐፊ፣ በዓመት አንድ ዎርክሾፕ። «እዚህ ቤት እንዲህ አይሠራም» የሚለው መልስ ስንት ጥሩ ሐሳብ እንዳስቀረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

የምንለያየው ታሪኩ የት ነው ያለው በሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ማዕከሉ ውስጥ ይፈልጉታል፤ በአሮጌዎቹ ሠራተኞች፣ በልማዳቸው፣ በመዝገቦቻቸው ውስጥ። እኔ እንደማየው ግን እግር የሚጠልፈው ታሪክ በአብዛኛው ያለው ከማዕከሉ ውጭ ነው። ማን ይቀጥራል? የደረጃ እድገት የሚሰጠው ማን ነው? ዲግሪው በማን ስም ይወጣል? ዩኒቨርሲቲው ከግራንት (ለምርምር ከውጭ ከሚሰጥ ገንዘብ) ላይ የሚቆርጠው የአስተዳደር ወጪ ወዴት ይገባል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተወሰነው ማዕከሉ ከመቋቋሙ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ክፍል ሲደራጅ። ማዕከሉን ስትዘጉት መልሶቹ ባሉበት ይቀራሉ። አዲሱን ስትከፍቱ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ይህን በደንብ ለማየት የአንዲትን ወጣት ተመራማሪ ሁኔታ አስቡ። ግማሽ ቅጥሯ በኢኮኖሚክስ፣ ግማሹ በባዮሎጂ ነው፤ ሥራዋ በማዕከሉ ነው። ከአራት ሰዎች ጋር ጥሩ ጽሑፍ አሳተመች። አሁን የስሟ ተራ ምን ይሁን? በኢኮኖሚክስ ልማዱ ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር ነው፤ ሦስተኛ መሆኗ ስለ ድርሻዋ ምንም አይናገርም። በባዮሎጂ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ሥራውን በዋናነት የሠራው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ላብራቶሪውን የሚመራው ነው፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ረዳት ነው። ስለዚህ ያው አንድ ወረቀት በአንዱ ኮሚቴ ፊት ሙሉ ሥራ፣ በሌላው ፊት ደግሞ ትንሽ እገዛ ሆኖ ይነበባል። በዚህ ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። እዚያ ትልቁ ክብር የኮንፈረንስ ጽሑፍ ነው፤ ባዮሎጂ ውስጥ ደግሞ ኮንፈረንስ ላይ የቀረበ አጭር ጽሑፍ እንደ ሕትመት የሚቆጥርለት ኮሚቴ ማግኘት ይከብዳል። የታሪክ ትምህርት ክፍል በበኩሉ የሚጠብቀው ብቻውን የጻፈውን መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ ልማዶች አንዱንም ማዕከሉ አላወጣውም። ሁሉም የየዘርፉ ታሪክ ናቸው፤ በረጅም ጊዜ ውስጥ፣ ለየራሳቸው በቂ ምክንያት ኖሯቸው የተፈጠሩ። ማዕከሉ በዓመት ስንት ጊዜ ቢዘጋና ቢከፈት ልጅቷ የምትቀርበው እነዚያው ኮሚቴዎች ፊት ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ከዜሮ» የሚባለው ቦታ በተግባር የለም። ማዕከል ሲዘጋ ሰዎቹ የሚመለሱት ወደ ትምህርት ክፍላቸው ነው። ለዚህ የሃርቫርድን የማኅበራዊ ግንኙነቶች ትምህርት ክፍል ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። በ1946 ሶሲዮሎጂን፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን፣ ማኅበራዊና ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በአንድ ጣሪያ ስር አስገባ። ታልኮት ፓርሰንስ፣ ጎርደን ኦልፖርት፣ ሄንሪ መሪና ክላይድ ክላክሆን ነበሩ ከኋላው። ማዕከል ብቻ አልነበረም፤ ሙሉ ትምህርት ክፍል ነበር፤ ጸሐፊው የሚመኙትን አዲስ ጅምር ከሞላ ጎደል አግኝቷል። ሆኖም በሙከራ የሚሠሩት ሳይኮሎጂስቶች ከጅምሩ ውጭ ቀሩ። ተማሪዎቹም ሲመረቁ ሥራ የሚፈልጉት በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነበር፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የሶሲዮሎጂ፣ የሳይኮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍሎች ናቸው። መሥራቾቹ እያረጁ፣ እያለፉ ሄዱ። በ1970 ሶሲዮሎጂ ተገንጥሎ ወጣ፤ በ1972 ደግሞ ክፍሉ ፈረሰ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከፈረሰ በኋላ የሆነውን ነው። የተፈጠረ አዲስ ነገር የለም። ሁሉም ወደ ቀድሞው ዘርፉ ተመለሰ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት የተለፋበት ቅይጥ ሲበተን በስር የነበረው አሮጌው ካርታ እንዳለ ብቅ አለ።

የሚጠፋውስ ምንድን ነው? ይህን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም፤ እኔን በጣም የሚቆረቁረኝም ይሄው ነው። ከተለያየ ዘርፍ የመጡ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያጠፉት አብዛኛው ጊዜ እርስ በርስ ለመግባባት ነው። «ሞዴል» ሲል ኢኮኖሚስቱ የሚያስበው ሌላ ነው፣ የአየር ንብረት ተመራማሪው ሌላ፣ መሐንዲሱ ሌላ። ማስረጃ በቂ ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ይጨቃጨቃሉ። ማን ዳታውን እንደሚይዝ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያሳትም ይደራደራሉ። አንዳንዴም ይኳረፋሉ። ይህ ሁሉ አልፎ የሚገኘው መተማመን በየትኛውም ሰነድ ላይ አይሰፍርም፤ ያለው ሰዎቹ ውስጥ ነው። ማዕከሉ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ዳታውን ለዓመታት ስታደራጅ የኖረችው ባለሙያ ኮንትራቷ ያልቃል። ፕሮፌሰሮቹ ግን ይቀራሉ፤ ቅጥራቸው በትምህርት ክፍላቸው ስለሆነ። እንግዲህ ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሔ ጎጂውን ታሪክ ሳይነካ ጠቃሚውን ያጠፋዋል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ አዲሶቹ የተሳካላቸው ታሪክ ስለሌላቸው ነው ወደሚለው። ሦስቱንም ምሳሌዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ሚዲያ ላብ በ1985 ተከፈተ። ብዙ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ድንገት የበቀለ ይመስለዋል። ግን ሥሩ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ1967 እዚያው ኤምአይቲ የመሠረተው «አርክቴክቸር ማሽን ግሩፕ» የሚባል የምርምር ቡድን ነው። ማለትም ሚዲያ ላብ ሲከፈት ቡድኑ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ነበረው። እስከ ዛሬም የሚገኘው በኤምአይቲ የሥነ ሕንጻና የፕላን ትምህርት ቤት ስር ነው። ይህ ተራ የአስተዳደር ዝርዝር አይደለም፤ በዚያ ትምህርት ቤት በኩል የራሱ የዲግሪ ፕሮግራም አለው፤ ተማሪ ተቀብሎ ያስመርቃል። እንዲህ ያለ መብት ስንቱ ማዕከል እንደሚመኝ በዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። በሥነ ሕንጻ ውስጥ መወለዱ ደግሞ አሠራሩ ላይ ይታያል። እየሠሩ ማሳየት፣ ሳያልቅም ቢሆን አውጥቶ ማቅረብ የሥነ ሕንጻ ስቱዲዮ ባህል ነው። ሚዲያ ላብ ታሪኩን አልጣለም፤ ኖረበት።

ሰሴክስ የበለጠ የሚያስተምር ነው። በ1961 ሲቋቋም በእርግጥ አዲስ ነበር። ሆን ተብሎም ከተለመደው ትምህርት ክፍል ይልቅ «የጥናት ትምህርት ቤቶች» በሚል ሰፋፊ አደረጃጀት ነው የተጀመረው። ጸሐፊው ይህን መጥቀሳቸው ትክክል ነው፤ ደፋር ሙከራ ነበር፣ ብዙ ጥሩ ነገርም ወጣበት። ታሪኩን ግን መሐል ላይ ነው ያቆሙት። በ2003 ያ አደረጃጀት ፈርሶ ትምህርት ክፍሎች ጎልተው ወጡ። ለምን? መምህራኑ ራሳቸው የተማሩት በሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ በትምህርት ክፍል ነው። ሲቀጠሩ የዘርፋቸውን መለኪያ ይዘው ገቡ። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎችን ምርምር በየጊዜው መገምገም ጀመረ፤ ግምገማው የሚካሄደው በአብዛኛው በዘርፍ በዘርፍ ነበር፤ ገንዘብም የሚከፋፈለው በዚያ ውጤት ነው። እንግዲህ አዲስ ግቢ ሠርተው፣ አዲስ ስም ሰጥተው፣ አሮጌው ታሪክ ግን በሰዎቹና በመንግሥት ግምገማው በኩል ገባ።

እዚያው ሰሴክስ ውስጥ ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ተቋም አለ። የሳይንስ ፖሊሲ ምርምር ክፍል ይባላል፤ በ1966 ተቋቋመ፤ ዩኒቨርሲቲው በዙሪያው ሲለዋወጥ እሱ ዛሬም አለ፤ አሁን የሚገኘው በቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። መሥራቹ ኢኮኖሚስቱ ክሪስቶፈር ፍሪማን ምርምር ብቻ አልሠራም። «ሪሰርች ፖሊሲ» የሚባለውን የመስኩን ጆርናል አብሮ አስጀመረ። ይህ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ ከላይ ወዳነሣኋት ወጣት ተመልሳችሁ አስቡት። የደረጃ እድገት ኮሚቴው «የት አሳተመች?» ሲል የሚታወቅ ስም ያለው መልስ ተገኘላት ማለት ነው። ፍሪማንና ባልደረቦቹ ታሪክ እስኪተዋቸው አልጠበቁም፤ ለመስካቸው የራሱን ታሪክ መሥራት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው ልተው። በእውነት ከዜሮ ተነሥቶ የተሳካለት አለ። በ1984 የተቋቋመው የሳንታ ፌ ኢንስቲትዩት ትምህርት ክፍል የለውም፣ ቋሚ ቅጥር የሚባለውም የለውም፣ በውስብስብ ሥርዓቶች (ብዙ ክፍሎች እርስ በርስ እየተነካኩ በሚሠሩባቸው ነገሮች) ጥናት ላይ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ነው የቆመው። አብረውት ከሚሠሩት ብዙዎቹ ቋሚ ሥራቸውና ደመወዛቸው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። መሥራቾቹም በአብዛኛው ከአሜሪካው የኒውክሌር ምርምር ተቋም፣ ከሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላብራቶሪ፣ የመጡ ነበሩ፤ የፊዚክስ ሰውና የኬሚስትሪ ሰው አብሮ መሥራት ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ምሳሌው «ከዩኒቨርሲቲ ውጡ» ለሚል ሰው ይጠቅማል። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆናችሁ ዘግታችሁ ክፈቱ» ለሚል ሰው ግን ብዙም አያግዝም።

ሦስተኛው ነጥብ ትምህርት ክፍሎችን ይመለከታል። ቅናት የለም ብዬ አልከራከርም፤ አለ፣ ሲያስቀይምም አይቻለሁ። ግን ጸሐፊው ሁሉንም ተቃውሞ ወደ ባህርይ ጉድለት ማውረዳቸው አግባብ አይደለም። የአንድ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ግማሽ ጊዜያቸውን ወደ ማዕከል የወሰዱ ሦስት መምህራን ቢኖሩት የመጀመሪያ ዓመቱን ኮርስ ማን ያስተምርለት? ፈተናውን ማን ያርመው? የመመረቂያ ጽሑፉን ማን ያማክርለት? ከግራንቱ የሚቆረጠው ገንዘብ ማዕከሉ ጋ ከቀረ የሰዎቹን ቢሮና ላብራቶሪ የሚይዘው በምን በጀት ነው? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅን ሰው ቀናተኛ ማለት ቀላል ነው። ግን የሚነግራችሁ ደንቡ የት ላይ እንደሚጣላ ነው። ለውጥ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መረጃ ከየትም አያገኝም።

ቆራጥ መሪ የተባለውም ቢሆን፣ የአሪዞና ስቴት ምሳሌ ሲመረመር ሌላ ነገር ይናገራል። ማይክል ክሮው በ2002 ፕሬዚዳንት ሆነው ከመጡ በኋላ ትምህርት ክፍሎችን እያዋሃዱ አዳዲስ ትምህርት ቤቶችን መፍጠራቸው እውነት ነው። የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍልና የአስትሮኖሚ ሰዎች በ2006 አንድ ላይ ሆነው የምድርና የኅዋ ጥናት ትምህርት ቤት ሆኑ። ግን የዘላቂነት ጥናት ኢንስቲትዩታቸውን ተመልከቱ፤ በጣም የሚወደሰው እሱ ነውና። በ2004 ሲቋቋም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአካባቢ ጥናት ማዕከል አስቀድሞ ነበረ። ከ1997 ጀምሮ የፊኒክስን ከተማ ሥነ ምህዳር በረጅም ጊዜ ክትትል የሚያጠና ፕሮጀክት ነበረ፤ ሥነ ምህዳር አጥኚው ከማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ጋር እየሠራ ዓመታት ያስቆጠረበት። አዲሱን ኢንስቲትዩት እንዲመሩ የተደረጉትም የአካባቢ ጥናት ማዕከሉን ሲመሩ የነበሩት አርኪዮሎጂስቱ ቻርልስ ሬድማን ናቸው። ቆራጡ መሪ ያደረጉት የነበረውን ሥራ፣ የነበረውን ሰውና የነበረውን መተማመን ወስደው ሥልጣንና ዲግሪ መስጠት ነው። በ2006 የዘላቂነት ትምህርት ቤት ተከፈተና ተማሪ ማስመረቅ ቻለ። ይህ ከዜሮ መጀመር ከተባለ ቃሉ ምንም አይገልጽም።

ከላይ በአንድ ውሳኔ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ምሳሌ አለ። በእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ሆጋርት በ1964 ያቋቋመው፣ ቀጥሎም ስቱዋርት ሆል የመራው የዘመናዊ ባህል ጥናት ማዕከል አንድ ሙሉ የጥናት መስክ ለዓለም አበርክቷል። ኋላ ወደ ትምህርት ክፍልነት ተለወጠ። ከላይ ባነሣሁት የመንግሥት የምርምር ግምገማ በ2001 የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም፤ በ2002 ተዘጋ። ከየአገሩ ተቃውሞ መጣ፤ ተማሪም አልጎደለበትም ነበር። የባህል ጥናት በሌሎች አገሮችና ዩኒቨርሲቲዎች ቀጠለ። መነሻ ቤቱን ግን አጣ። ያ ግምገማ ዝቅ ያለ ውጤት መስጠቱ ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ የግምገማ ዙር የአርባ ዓመት ሥራ ዕጣ ሲወስን «ቆራጥ አመራር» ብሎ ማሞገስ አልችልም።

ገንዘብ። ጸሐፊው ገንዘብ ከመጣ መዋቅር ይከተላል ሲሉ በግማሽ ልክ ናቸው። ያለ ገንዘብ የተለወጠ ነገር አላውቅም። ግን ገንዘብ ሲያልቅ ምን ይቀራል የሚለውን መጠየቅ ነበረባቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1985 የምህንድስና ምርምር ማዕከላትን ሲጀምር ድጋፉን በአሥር ዓመት ገደማ ገድቦት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማዕከሉ በራሱ መቆም አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሆኖም አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ማዕከሉን የሚጠብቀው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ቅጥሩና እድገቱ በነበረበት ከቆየ ተመራማሪው ቀጣዩን ግራንት ወደሚያገኝበት ይሄዳል። ማንም አይፈርድበትም። ገንዘቡ ጊዜ ይገዛል። በተገዛው ጊዜ ደንቡን የሚቀይር ሰው ከሌለ ግን ጊዜው እንዲሁ ያልፋል።

ትልቁ የገንዘብ ምሳሌ ራሱ የሚለው ይህንን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1945፣ ኤምአይቲ ውስጥ የነበረው የራዲዬሽን ላብራቶሪ ራዳር ለመሥራት ከየዩኒቨርሲቲው ሰው ሰብስቦ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ በጀት ዛሬ ማንም ማዕከል አያልመውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ተዘጋ። ጸሐፊው ቢሆኑ እዚህ ላይ «አያችሁ፣ ተዘጋ፣ ሥራውን ጨርሷል» ይሉ ይሆናል። ኤምአይቲ ግን መሣሪያውንና የተወሰኑትን ሰዎች ይዞ በ1946 የኤሌክትሮኒክስ ምርምር ላብራቶሪውን አቋቋመ። ፊዚክስና ኤሌክትሪካል ምህንድስና በጋራ ያዙት፤ ፕሮፌሰሮቹ ቅጥራቸው በየትምህርት ክፍላቸው ሆኖ ሥራቸውን እዚያ ይሠራሉ። ዛሬም አለ። የጦርነቱ ገንዘብ ትቶት የሄደው ነገር የቆየው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «የትኛውን እናስቀር፣ ከትምህርት ክፍሎቹስ ጋር በምን ይገናኝ?» ብሎ ስላሰበበት ነው።

ህንጻውን በአጭሩ ልለፈው። የኤምአይቲው ህንጻ 20 ታሪክ ሁልጊዜ ይነሣል፤ በ1943 ለጊዜው ተብሎ በእንጨት የተሠራ፣ እስከ 1998 የቆየ፣ የቋንቋ ሊቃውንትና መሐንዲሶች በአንድ ኮሪደር የሚተላለፉበት። ጸሐፊው ህንጻው ሰዎችን ቀላቀለ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ግን ሲገቡም ተቀላቅለው ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የራዳር ሥራ ያመጣቸው ናቸው። ህንጻው የረዳው ማንም ስለማይሳሳለት ግድግዳውን እንደፈለጉ ስለሚያፈርሱት ነው። ባዮሎጂን ከምህንድስና ጋር የሚያገናኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ባዮ-ኤክስም ቢሆን ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1998 ነው፤ ታዋቂው ህንጻው፣ ክላርክ ማዕከል፣ የተከፈተው በ2003። ህንጻው ሲደርስ የሚገቡበት ሰዎች ተዋውቀው ነበር። አንድ ቡና ማሽን መጋራት ጥሩ ነው፤ በዚህ አልጣላም።

የመጨረሻው ሐሳብ፣ በአምስት ዓመት ይዘጋ የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይበልጥ ሊተገበር የሚችለው እሱ ነው። አንድ መስመር ደንብ ይበቃዋል። በየጊዜው መገምገም አስፈላጊ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ማብቂያ የሌለው ማዕከል መኖር የለበትም። አምስት ዓመት ግን ለማን ነው የሚበቃው? አንድ የዶክትሬት ተማሪ ገብቶ እስኪወጣ ያ ጊዜ ያልፋል። ከሁለት ዘርፍ ጋር መግባባት ያለባት ወጣት መጀመሪያ የቋንቋውን ችግር አልፋ፣ ከዚያ ሠርታ፣ ከዚያ አሳትማ ውጤቷ እስኪታይ ማዕከሉ ተዘግቶ ይጠብቃታል። አስተዋይ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ወደ ማዕከሉ በሙሉ ልቡ አይገባም። አንድ እግሩን ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ያስቀራል። ከዚያ በአምስተኛው ዓመት ግምገማ ላይ «ሰዎቹ አልተዋሃዱም» ተብሎ ይጻፋል።

ማብቂያ ካስፈለገ የት ላይ እንደሚደረግ የሚያሳይ አሠራር አለ። በጀርመን የቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ የዘርፈ ብዙ ምርምር ማዕከል የተመሠረተው በ1968 ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማስተማር የጀመረው በማግስቱ ዓመት ነው። ማዕከሉ ከመጀመሪያው ትምህርት አንድ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው፤ ዘርፎችን ማገናኘት ኋላ የተጨመረ ነገር አልሆነበትም። እዚያ የሚመጡት የምርምር ቡድኖች ጊዜያዊ ናቸው። በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ይሠራሉ፣ ይበተናሉ፤ ሌላ ጥያቄ ይዞ ሌላ ቡድን ይገባል። ቤቱ ግን ይቆያል፤ ከነቤተ መጻሕፍቱ፣ ከነሠራተኞቹ፣ እንግዳ ዘርፎችን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ከሚያውቁት ሰዎቹ ጋር። የአምስት ዓመቱን ገደብ ለፕሮጀክቱ ብታደርጉት ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ለቤቱ ከሆነ ግን ደንቡን ለሴኔት ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ባለፉት አሥር ዓመታት በዩኒቨርሲቲያችሁ ከማዕከላት የወጡ ወጣት ተመራማሪዎችን ፈልጋችሁ ለምን እንደወጡ ጠይቋቸው፤ የደረጃ እድገት ማመልከቻቸውን ከተመለሰላቸው አስተያየት ጋር አንብቡ። ማዕከሉ ነው ያስመረራቸው ወይስ ማመልከቻውን ያነበበው ኮሚቴ? የመጀመሪያው ከሆነ ዝጉት፤ አልከራከርም። ሁለተኛው ከሆነ መስተካከል ያለበት የኮሚቴው መመሪያ ነው፤ እሱን ለማስተካከል ደግሞ የማንንም በር መዝጋት አያስፈልግም።